ውሃውን ዝጋው

ልጄ ደንቁረሻል ብላ አልተናገረችኝም። ጨዋ አድርጌ ነው ያሳደግኳት፤ እንዲህ ያለውን ነገር በዘዴ ነው የምታመጣው።

«እማ፣ ጆሮሽን ሐኪም ቢያየው ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ጆሮዬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ሽንት ቤቱ እየፈሰሰ ነው። ባለፈው ስመጣም ይፈስ ነበር። ከዚያ በፊትም ይፈስ ነበር። አንቺ እዚሁ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ትሰፊያለሽ፣ ምንም አይሰማሽም።»

መፍሰሱ እውነት ነው። ከመቀመጫው በላይ ያለው የውሃ ሳጥን ሞልቶ ዝም ማለት ሲገባው ቀኑን ሙሉ ሽሽሽ ይላል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ሽሽሽ ይላል። አለመስማቴን ግን ከየት አመጣችው? እኔ የጨርቅ ክር ሲበጠስ የምሰማ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ፣ መርፌዋ ልትሰበር ስትል ከድምጿ አውቅባታለሁ። ይህን ግን አልነገርኳትም። ብነግራት «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ትለኝ ነበር፣ የዚያን መልስ ደግሞ ለማንም ልናገረው አልፈለግሁም።

እሷ የእኔን ዝምታ መሸነፍ አድርጋ ቆጠረችው። ቀጠለችበት።

«ብቻሽን መኖር ይብቃሽ እማ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ቤቱም እያረጀ ነው፣ አንቺም...» አንቺም ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ብልህ ናት። «እኛ ጋ ትመጫለሽ። ይህንን እናከራየዋለን። ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«ቢጫ።»

ደሜ ፈላ። ቢጫ እንደማልወድ ከተወለደች ጀምሮ ታውቃለች። ቢጫውንስ ተዉት፤ ማን ጠይቆኝ ነው ክፍል የሚቀባልኝ? ይህን ቤት እኔና አባቷ ነን ጎባጣውን አቅንተን ቤት ያደረግነው። መጋረጃው የእጄ ሥራ ነው፣ የሶፋው ልብስ የእጄ ሥራ ነው፣ መስኮቱ ሥር ያለችው መኪናዬ ብርሃኑን አስልታ የተቀመጠች ናት። ቢጫ ክፍል ውስጥ የእንግዳ አልጋ ላይ ልቀመጥና የልጅ ልጆቼ «አያታችን ተኝታለች፣ አትንጫጩ» እየተባሉ ሊያልፉኝ? ሞኟን ትፈልግ።

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት። «እሁድ ትመጫለሽ አይደል? እሁድ ስትመጪ ያ ሽንት ቤት ድምፅ ካሰማ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እወርዳለሁ። ዝም ካለ ግን ይህን ወሬ ዳግም አታነሺብኝም። ቀለሙንም የፈለግሽውን ታደርጊዋለሽ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። ቀድማ ያሸነፈች መስሏታል። እልሄን የወረሰችው ከእኔ መሆኑን ረስታዋለች።

ሰፈራችን አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አለ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ማንም አያውቀውም፤ ሁላችንም «ነገ» ነው የምንለው። ምክንያቱን መናገር አያስፈልገኝም። እሱ ራሱ አልከፋውም፣ ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ነገ ነኝ» ይላል። ደወልኩለት።

«ነገ በጠዋት ከች እላለሁ፣ እናቴ» አለኝ።

በማግስቱ ቁርሴን ቶሎ በልቼ፣ መጸዳጃ ቤቱን ወልውዬ ጠበቅሁት። ጠዋቱ አለፈ። ከሰዓት ስደውልለት «የሌላ ሰው ቤት ጎርፍ ገባ፤ ነገ ግን የእርስዎ ነው፣ ከፈለጉ ያስምሉኝ» አለ። አላስማልኩትም፤ በምን ላስምለው። ሲነጋ ስልኩ ተዘግቷል። እኔም መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ሽሽሽ የሚለውን ሰማሁና፣ እንዲያው ምን ሆኜ ነው የሰው እጅ የምጠብቀው አልኩ። ይህችን የስፌት መኪና እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቼ ዘይት ቀብቼ የምገጥም እኔ ነኝ። እሷ ስንት ጥርስ፣ ስንት መዘውር አላት። አንድ የውሃ ሳጥን ነው የሚያቅተኝ? የት አባቱ።

ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ገባሁ።

የሳጥኑ ክዳን ሸክላ ነው፣ ይከብዳል። በሁለት እጄ አነሣሁትና ወለሉ ላይ ባነጠፍኩት ፎጣ ላይ አጋደምኩት። ውስጡን ሳየው ሳቄ መጣ። ስንት ዘመን ስፈራው የኖርኩት ነገር ይህ ብቻ ነው? ውሃ፤ በውሃው ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት ኳስ፤ መሐል ላይ የቆመ ቱቦ፤ ከታች ቀዳዳውን የሚከድን ክብ ጎማ፤ ከእጀታው ወደ ጎማው የሚወርድ ቀጭን ሰንሰለት። እጀታውን ስጫነው ሰንሰለቱ ጎማውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ጎማው ተመልሶ ይከደናል፣ ሳጥኑ ይሞላል፣ ኳሷ ከፍ ስትል የሚገባውን ውሃ ትዘጋዋለች። በቃ። ከአንድ ኮት እጅጌ የሚቀል ሥራ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኳሷን ነበር። በጣቴ ከፍ ሳደርጋት ግን የሚገባው ውሃ ቀጥ ይላል፤ እሷስ ጤነኛ ናት። ውሃው ሞልቶ በመሐሉ ቱቦ አናት እየፈሰሰ ይሆን ብዬ አየሁ፣ ከአናቱ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው? ቁም ሳጥኔን ከፍቼ የደበዘዙ ጂንሶች የማቀልምበትን ሰማያዊ ቀለም አመጣሁና ትንሽ ጠብ አደረግኩበት። ሳጥኑ ሰማይ መሰለ። እጀታውን ሳልነካ ተመልሼ ዚፔን ጨረስኩ። ስመለስ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ሌባው ተያዘ፤ የታችኛው ጎማ ነው የሚያሳልፈው።

ከሳጥኑ ሥር ግድግዳው ላይ የውሃ መዝጊያ አለ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ማንም ስላልነካው ዝጎ ከቧንቧው ጋር ተጣብቋል። የመኪናዬን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጌበት ትንሽ ጠበቅሁት። ከዚያ ጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ያዝኩና ጥርሴን ነክሼ ጠመዘዝኩት። ሲጢጥ አለ፣ እንቢ አለ፣ ሰደብኩት፣ ዞረ። እጀታውን ተጭኜ ሳጥኑን ባዶ አደረግሁትና ጎማውን ቱቦው ላይ ከተሰካባቸው ሁለት ጆሮዎቹ ነቅዬ አወጣሁት። ጠርዙ እንደ ደረቀ ቂጣ ተቆልምሟል፣ የያዝኩበት ጣቴ ጥቁር ሆነ። በዚህ ሁኔታ ውሃ ቢያሳልፍ ምን ይፈረድበታል።

አሁን ይህን ጥቁር ነገር በቦርሳዬ ይዤ ከተማ አልዞርም። ልብስ ሰፊ ልክ መውሰድ ያውቃል። የልብስ ንድፍ የማወጣበት ወረቀት ላይ አስቀምጬ በጠመኔ ዙሪያውን አሰመርኩ፣ ጆሮዎቹን ምልክት አደረግኩ፣ በመቀስ ቆርጬ አወጣሁና ወደ ሕንፃ መሣሪያ መሸጫው ሄድኩ።

ባለ ሱቁ ለጋ ጎረምሳ ነው፣ ትሕትናው ግን የሚያናድድ ዓይነት ነው። ወረቀቴን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ።

«እማማ፣ በዚህ አይሆንም። ሙሉውን የውስጥ ዕቃ ይውሰዱ። ሠራተኛው ሲመጣ ይገጥመዋል።»

«ሠራተኛው መጥቷል» አልኩት።

ወደ በሩ አንገቱን አሰገገ። «የታል?»

«ፊትህ ቆሜያለሁ።»

ያሉትን ጎማዎች በሙሉ መደርደሪያው ላይ ዘረገፈልኝ። ወረቀቴን በየተራ ጣል እያደረግሁ ለካሁ፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ጆሮው ይርቃል። አራተኛው ላይ ወረቀቱ ልክክ አለ። ባለ ሱቁ እሱን ሲያይ «ወይ ጉድ» አለና «ንድፉን እዚህ ይተዉልኝ» ብሎ ለመነኝ። ሞቼ ነው የምተውለት።

ቤት ገብቼ ጎማውን በጆሮዎቹ ሰካሁት። ጥሩ ተቀመጠ። የቀረው ሰንሰለቱን ከእጀታው ክንድ ጋር ማያያዝ ነው። የፈጸምኩትን ስሕተት እንግዲህ እዚህ ላይ ስሙልኝ፤ ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰው አይፈጽመውም።

አዲሱ ጎማ ረዥም ሰንሰለት አለው። በየትኛው ቀለበት ላይ እንደሚሰካ መምረጥ የባለቤቱ ፋንታ ነው። እኔ ደግሞ በሙያዬ አንድ ሃይማኖት አለኝ፤ ትርፍ ሳልተው ቆርጬ አላውቅም። የሰው ልጅ ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። በስፌቱ ውስጥ፣ በጫፉ እጥፋት ውስጥ ትንሽ ጨርቅ ካልደበቅህ ደንበኛህ ከዓመት በኋላ መጥቶ ይረግምሃል። የልጄን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስሰፋ ለማደግ ብዬ የተውኩት እጥፋት ቀሚሱን ለሁለት ዓመት አስለበሳት። ታዲያ እጄ የለመደውን ነው ያደረገው። ሰንሰለቱን ለክቼ፣ ደህና አድርጌ ለማደግ ተውኩለትና ሰካሁት። የሽንት ቤት ሰንሰለት ወዴት እንደሚያድግ እኔንም አትጠይቁኝ።

መዝጊያውን ከፈትኩ። ሳጥኑ ሞላ። ኳሷ ወጣች። ጸጥ።

ሆዴ ቅቤ ጠጣ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ለልጄ ደወልኩላት።

«እሁድ ባዶ እጅሽን ነይ» አልኳት። «ሽንት ቤቱ ዝም ብሏል።»

«ነገ መጣልሽ እንዴ?»

«ነገ የት ይመጣል። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እማ፣ ተይ እንጂ።»

«አታምኚም? ስሚ እንግዲህ።» ስልኩን ወደ ሳጥኑ አስጠግቼ እጀታውን ተጫንኩት። ውሃው ወረደ፣ መሙላት ጀመረ። «አሁን ይሞላና ቀጥ ይላል» አልኳት። ጠበቅን። ሽሽሽ። ጠበቅን። ሽሽሽ አላቆመም።

«እማ፣ ይሰማኛል» አለች።

«የጎረቤት ነው» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«የጎረቤት ሽንት ቤት ስልክሽ ውስጥ ምን ይሠራል?» ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ፣ እሱ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። «በቃ እማ፣ አትድከሚ። ካርቶን ይዤ እመጣለሁ። ዕቃሽን አብረን እንሸክፋለን።»

ስልኩን ዘጋሁት። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። የመጸዳጃ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቢጫውን ክፍል አሰብኩ። መኪናዬን የት ያስቀምጡልኛል? በረንዳ ላይ ይሆናል፤ አቧራ ለብሳ፣ የልጆች ኳስ እየመታት። ይህን ሳስብ እንባዬ ሳይቀድመኝ ንዴቴ ቀደመኝ። ተነሣሁ።

ቀልቤን ሰብስቤ ክዳኑን እንደ ተከፈተ ትቼ እጀታውን ተጫንኩና ዓይኔን ታች ሰካሁ። ጎማው ተነሣ። ውሃው ወረደ። ጎማው ሊከደን ተመለሰ፤ ሰንሰለቱ ግን፣ ያ ለማደግ የተውኩለት ትርፍ ሰንሰለት፣ ተጠማዝዞ ከጎማው ጠርዝ ሥር ገባ። እጥፋት ከመርፌ ሥር ሲገባብኝ የማየው ነገር ነው። ጎማው በላዩ ላይ ተቀመጠ፣ በጎኑ ውሃው ማምለጥ ጀመረ። ለካ ሌባውን አባርሬ በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ።

ሰንሰለቱን ነቀልኩ። ወደ ጎማው ቀረብ ያለ ቀለበት ላይ ሰካሁት፤ በጣም ሲወጠር ጎማው በደንብ አልተከደነም፤ አንድ ቀለበት ለቀቅኩለት፣ ልክ ሆነ። የተንጠለጠለው ትርፍ ግን አሁንም እዚያ አለ፣ ሌላ ቀን ተመልሶ ይገባል። መቁረጥ ነው። ፒንሳውን አስጠጋሁና እጄ እንቢ አለኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ትርፉን ቆርጬ ጥዬ አላውቅም። «ይኼ ልጅ አይደለም፣ አያድግም» አልኩ ጮክ ብዬ። ቆረጥኩት። ቁራጩ ጠብ ሲል ቀለል አለኝ።

ተጫንኩት፣ ሞላ፣ ጸጥ። እንደገና ተጫንኩት፣ ሞላ፣ ጸጥ። ሰማያዊውን ቀለም ጨመርኩ፤ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ለልጄ አልደወልኩም። አንድ ጊዜ ተዋርጃለሁ፣ በቃኝ። ክዳኑን መልሼ፣ ወለሉን ወልውዬ፣ እጄን ታጥቤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

ቤቱ ግን ፍጹም ዝም አለ።

ለማንም አልናገረውም ያልኩት ነገር ይኸው መጣ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሲላጭ የመታጠቢያውን ቧንቧ ለቆ ነበር የሚላጨው። ውሃው ይፈሳል፣ እሱ ዜማ የማያውቅ ዘፈኑን ይዘፍናል። እኔ ከመኪናዬ ሳልነሣ «ውሃውን ዝጋው» እለዋለሁ። እሱ «እሺ አለቃ» ይለኛል። አይዘጋውም። በማግስቱም ያው ነው። በትዳራችን ዕድሜ ሙሉ «ውሃውን ዝጋው»፣ «እሺ አለቃ»፣ እና ውሃው ይፈሳል። እሱ ሲሄድ ቤቱ እንዴት ዝም እንዳለ ለመናገር ቃል የለኝም። ያ ሳጥን መፍሰስ የጀመረ ዕለት ከመኪናዬ ቀና ብዬ «ውሃውን» ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተውኩት። እየሰማሁት ነው የተውኩት። ሰው ያለ ያስመስልልኝ ነበር።

እና አሁን ዝም ሲል ፈራሁ። ብርቱ ነኝ ባይ ሆኜ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፣ ግን ፈራሁ። ልጄ ልክ ብትሆንስ? ብቻዬን መኖር ባልችልስ? ተነሥቼ ያን ሰንሰለት ባላላው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ባስለቅሰው ብዬ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ሄድኩ። እጄን ክዳኑ ላይ አደረግኩ። ከዚያ ራሴን በመስተዋቱ ውስጥ አየሁት፤ ፀጉሬ ተንጨባርሮ፣ ፊቴ ላይ የጎማ ጥቁር ተለቅልቆ። ሳቄ አመለጠኝ። አንቺ ሴት፣ ሽንት ቤት ባል አይሆንም አልኳት። ተመልሼ ተቀመጥኩና የመኪናዬን ፔዳል ረገጥኩ። ቤቱን እኔው ራሴ በድምፅ ሞላሁት፤ ብዙም ሳይቆይ ፍርሃቱ ለቀቀኝ።

እሁድ ልጄ የተጣጠፉ ካርቶኖችና ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ባሏን መኪና ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ሸክም ሲኖር ልትጠራው ነው። ሳመችኝና በቀጥታ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባች። እኔ ካለሁበት አልተነሣሁም። እጀታውን ስትጫን ሰማኋት፣ ሲሞላ ሰማሁ፣ ጸጥ ሲል ሰማሁ። ደገመችው። ዘወር ብዬ ሳይ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ለጥፋ ቆማለች።

«ጆሮሽን ሐኪም ቢያየው ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «የእውነት አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

የተቆለመመውን ጎማ፣ የወረቀት ንድፌንና የተቆረጠውን ሰንሰለት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። ንድፉን ጎማው ላይ አስቀምጣ ለካች፤ በልጅነቷ ከእግሬ ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የምታጋጥመው እንዲህ ነበር።

«በስልኩ ጊዜ እየሰማሽው ነበር ማለት ነው» አለች። «የጎረቤት ነው ስትይኝ።»

«ሁሌም እሰማው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እንደማትለቀኝ አወቅሁ። ነገርኳት። ስለ ምላጩ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መጥፎው ዘፈን። ሰው ያለ ያስመስልልኝ ነበር አልኳት። «አሁን ግን ዝም አሰኝቼዋለሁ» አልኳት፣ «እየኖርኩበትም ነው። ከዚህ ቤት አልወጣም። ቢጫው ክፍልሽ ስታመም እንድታስታምሚኝበት ይሁን፣ ሲደብረኝ እንዳድርበት ይሁን። ለመኖር ግን ቤቴ ይኼ ነው።»

ሰንሰለቱን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። ከዚያ ካርቶኖቹን አንሥታ በሩ ጋ አቆመቻቸው፣ ይዛቸው ልትመለስ። ፊቷን ከእኔ አዙራ «ልታጠብ» ብላ ገባች።

የመታጠቢያውን ቧንቧ ስትከፍተው ሰማሁ። እያለቀሰች እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ግን ሥራ አለብኝ። የሰው ሱሪ መርፌው ሥር ገብቷል። ፔዳሉን ረገጥኩ። ውሃው ይፈሳል። እኔ እሰፋለሁ። ውሃው ይፈሳል። አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

«ውሃውን ዝጋው።»

መኪናዬ ቆመች። ማንን እንደጠራሁ ሁለታችንም ሰምተነዋል። ወደ በሩ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።

«እሺ አለቃ» አለች ልጄ ከውስጥ።

አልዘጋችውም። እኔም ደግሜ አልተናገርኳትም።